ዊትበርን የሚባል ሰው አናውቅም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኛ መንደር፣ ማሆ ጋሊ፣ ግን መልአኩ ሥራ በዝቶበት ነው መሰል፣ ስም የሚያወጣው ጎረቤት ነው። ማንም ሰው ሲወለድ ወረቀት ላይ የሚሰፍርለት ስም አለው፤ በዚያ ስም የሚጠሩት ፓስተሩ፣ ነርሷና የምርጫ መዝጋቢው ብቻ ናቸው። እስከ ዕለተ ሞቱ የሚያገለግለው የቤት ስሙ ነው። ሲሞትም በሬዲዮ «እንትና በመባል የሚታወቀው» ካልተባለለት ቀብሩ ላይ ሰው አይገኝም። ሽማግሌው ማስ ኩበርት የዕድሜ ልክ የዶሚኖ ባልንጀራቸው በተቀበረበት ቀን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ የዳቦ ዛፍ ፍሬ ሲበሉ ነው የዋሉት። ሬዲዮው የጠራውን የወረቀት ስም ሰምተዋል፤ «ነፍሱን ይማር፣ የማን አገር ሰው ይሆን?» ብለውም ነበር። ዛሬም ድረስ ይቆጫቸዋል።

ሚስ አዮኒ ይህን ሁሉ ጠንቅቃ እያወቀች ነው ነገሩ የተምታታባት።

ሱቋ ከታክሲ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው። የተማሪ ካኪ ሱሪ፣ ቀሚስ፣ ጥቁር ጫማ፣ ቁልፍና ዚፕ ትሸጣለች፤ ጥግ ላይ ባለችው የስፌት መኪናዋ ደግሞ የትምህርት ቤቱን አርማ በወርቃማ ክር ኪስ ላይ ትጠልፋለች። ልጅ አልወለደችም። ያሳደገችው የእህቷን ልጅ ነው። እህቷ ካይማን ደሴት ሆቴል ቤት ሥራ አግኝታ ስትሄድ ልጁ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሠፈሩ «ቀጮ» ነበር የሚለው። ጥሎ የሄደ ጊዜ መፈለግ እንኳ አልተቻለም፤ «ቀጮ ጠፋብን» ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ አይኬድማ። የአባትዬውን የወረቀት ስም ሚስ አዮኒ ያወቀችው ልጁን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ የልደት ወረቀቱን ስታወጣ ነው። ዊትበርን ይላል። አንብባ አጠፈችው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ስሙ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ልጁ በወረቀት ራንስፎርድ ነው። በቤት መጣሁ ነው። ስሙን ራሱ ነው ያመጣው፤ ማንጎው ላይ ወጥቶ ቁጭ ይላል፣ አክስቱ «ና ውሃ ቅዳ!» ብላ ስትጣራ «መጣሁ!» ይላል፣ አይመጣም። «ና ገላህን ታጠብ!» «መጣሁ!» አይመጣም። ሳይጠራ የሚመጣው ምግብ ሲወጣ ብቻ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ከየአጥሩ ሆኖ ይህን ሲሰማ ስለሚውል ስሙ በዚያው ጸና።

ሲሮጥም እንደዚያው ነው። ሽጉጡ ሲተኮስ ሌሎቹ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሲፈተለኩ እሱ ትንሽ የሚያስብበት ይመስላል። ወገባቸውን፣ ከዚያ ጀርባቸውን፣ ከዚያ ትከሻቸውን ያያል። ሩጫው ሊያልቅ ሲል ነው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አጠገባቸው የሚገኘው። በመጠጥ ቤቱ ቴሌቪዥን የሚያየው ሠፈር «መጣሁ በል! መጣሁ በል!» እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ ብርጭቆ ሳይሰበር የቀረበት ቀን የለም። ባለፈው ዓመት በዓለም ውድድር ሁለተኛ ሲወጣ ፓስተሩ ሳይቀሩ ጠረጴዛ ደበደቡ።

ከዚያ በኋላ ነው የስፖርት ልብስ ኩባንያው የያዘው። ጫማ፣ ቁምጣና ማልያ ሠራለት። ኩባንያው ብልጥ ነኝ ብሎ የየትኛውም የፖለቲካ ፓርቲ ያልሆነ ቀለም መርጧል፤ ሐምራዊ። ደረቱ ላይ በትልልቁ «ዊትበርን» ተጽፏል፣ ከሥሩ «ወደኋላ አትይ» ይላል።

ካርቶኖቹን ይዞ የመጣው የኩባንያው ወኪል ሚስተር ሊትልተን ነው። ከኪንግስተን ነው፤ በዚያ ሙቀት ክራቫት አስሯል፣ ሰው ግን ጥሩ ነው።

«ሚስ አዮኒ፣» አላት፣ «ቅዳሜ ራንስፎርድ ከነካሜራው ወደዚህ ይመጣል። ከመታጠፊያው እስከ እርስዎ ሱቅ ድረስ ሰዉ ይህን ለብሶ ቢቀበለው ነው ማስታወቂያው የሚያምረው።»

«ይቀበለዋል እንጂ! በነጻ ነው የምታድሉት?»

«እሱ ነው ችግሩ። አለቆቼ የሚፈልጉት ገዝቶ የለበሰ ሰው ነው። የገዛ አገሩ ሰው ካልገዛው ሌላው ለምን ይገዛዋል ይላሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውሉ ዘንድሮ ያልቃል። ሌላ ሯጭም እያዩ ነው። ቅዳሜ ባዶ መንገድ ላይ ከቆመ አይቀጥሉለትም፣ እውነቱን ልንገርዎት።»

«አንተ ልጅ፣ እሱን ተወውና ሎሚናትህን ጠጣ፣» አለችው። «ማሆ ጋሊ ለመጣሁ ያልገዛ ለማን ሊገዛ ነው?»

ሲሄድ አንዱን ማልያ አውጥታ ዘረጋችው። ጨርቁን በጣቶቿ አሸችው፣ ስፌቱን ገልብጣ አየችው፤ እንከን የለውም። ዊትበርን የሚለውን ስታነብ ግን ጣቷ እዚያው ቆመ። አንድ ቀን እንኳ ጫማ ገዝቶለት የማያውቅ ሰው በልጁ ደረት ላይ ተንፈላስሶ ተኝቷል። «ይሁና፣» አለች፣ ሰቀለችው።

በማግስቱ የሚገዛ አልመጣም። በሚቀጥለውም ቀን አልመጣም። ያልፋሉ፣ በመስኮቱ አሻግረው ያያሉ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ማስ ኩበርት በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ። ጉልበታቸው ካበጠ ቆይቷል፤ ከትልቁ አውሎ ነፋስ ወዲህ ሲሮጡ ያያቸው የለም።

«አዮኒ፣ ይሄ ዊትበርን የሚሉት ሰውዬ የሚወዳደረው በምንድን ነው?»

«በመቶ ሜትር ነዋ!»

«በመቶ ሜትር?» ማስ ኩበርት ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ቀጠቀጡ። «የባለፈው ምርጫ ሰውዬ እንኳ ሲዋሽ ሙሉ መንገዱን አስፋልት አለብሳለሁ ነበር ያለን። ይሄኛው ገና ሳይመረጥ መቶ ሜትር ብቻ? ምን ያህል ቢንቀን ነው!»

ሚስ አዮኒ የቀለዱ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም፤ ተቆጥተው ወጡ። እሳቸው ሲወጡ የገባችው ሚስ ፐርል ናት፤ ማቆሚያው ላይ የተጠበሰ ዓሣና የካሳቫ ቂጣ የምትሸጠው። ሚስ ፐርል አፏ ሹል፣ ልቧ ሰፊ ነው፤ ማልያው ላይ ኪስ ሊኖር ይችላል ባለችበት ሁሉ እጇን ከተተች።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሩዙና ዘይቱ የታለ? ባለፈው ምርጫ ካናቴራ ሲሰጡን ሩዝና ዘይት ነበረው።»

«ይሄ እኮ የሚሸጥ ነው።»

«የምርጫ ካናቴራ ይሸጣል? በስመ አብ!» ሚስ ፐርል እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ሦስተኛ ፓርቲ ተቋቋመ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቆንቋና መሆኑን ግን አልሰማሁም። ቀለሙስ ቢሆን? የበለዘ ዓይን እኮ ነው የሚመስለው! አንቺም ከነሱ ጋር ገባሽበት?»

ይኼኔ ነው የገባት። ምርጫው ደርሷል፤ መንገድ ላይ በትልልቅ ፊደል የማያውቁት ሰው ስም የተጻፈበት ልብስ ሲያዩ ሌላ ምን ሊያስቡ ኖሯል? ሚስ አዮኒ ሮጣ ከጋዜጣ የቆረጠችውን የልጁን ፎቶ አመጣችና ከማልያው በላይ ለጠፈችው።

«እንዴ! መጣሁ!» አለች ሚስ ፐርል፣ ፊቷ በራ። ወደ መንገዱ ወጥታ «ኑ! የመጣሁ ልብስ ነው! የመጣሁ ነው!» ብላ ጮኸች። ሰው ግር ብሎ ገባ። ማስ ኩበርትም ተመለሱ። ሚስ አዮኒ ተገላገልኩ ብላ ትንፋሿን ለቀቀች። ሰዉ ፎቶውን አየ፣ ማልያውን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ።

«ታዲያ ይሄን የሌላ ሰው ስም ማን ለጠፈበት?» አሉ ማስ ኩበርት።

«የራሱ ስም ነው እኮ።»

«የራሱ ስም መጣሁ ነው።»

«እሱ የቤቱ ነው። የወረቀቱ ራንስፎርድ ዊትበርን ነው።»

«አዮኒ፣ እኔ ነኝ እትብቱ ሲቀበር የቆምኩት። ዊትበርን የሚባል ሰው አላውቅም።»

«ነገሩማ ግልጽ ነው፣» አለች ሚስ ፐርል። «ዊትበርን የኩባንያው ባለቤት ነው። ልጁ ይሮጣል፣ ላቡ ጠብ ይላል፣ ዊትበርን ስሙን ያስጽፋል! የልጅነቱን የዋህነት አይተው ነው። እንዲህ ያለ የሌባ ልብስ የእኔን ሰውነት አይነካም።»

«አይነካም!» አለ ሰው ሁሉ።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሆ ጋሊ ማልያውን ላለመግዛት ተማማለች። ለመጣሁ ካላቸው ፍቅር የተነሳ የመጣሁን እንጀራ ሊዘጉ ነው። ሚስ አዮኒ በዚህ ሳቀችም፣ ተናደደችም። ዓለምን ያስደመመ ሰው ጫማ አደረገ ብሎ ሌላው አገር ይገዛ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን ሰው የሚገዛው «የኛ ልጅ ያደረገው» ሲባል ነው። ዊትበርን ደግሞ የማንም ልጅ አይደለም። የአገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ያሉት ለዚህ ነው።

ጠዋት የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። መርፌው ላይ የተማሪ አርማ የምትጠልፍበት ወርቃማ ክር እንዳለ ነው። ብዙም ሳታስብ አንዱን ማልያ ገልብጣ ጀርባው ላይ «መጣሁ» ብላ ሰፋችው። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቀና ስትል ማስ ኩበርት በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይሄ ለማን ነው?»

«እንዲሁ ልየው ብዬ ነው።»

«እኔ ላይ እይው፣» አሉ። እዚያው ሸሚዛቸውን አወለቁና ለበሱት። ሆዳቸው ላይ ትንሽ ጠበብ አለ። ጫማውንም አምጪ አሉ፣ ከዘራቸውን ይዘው እስከ ማቆሚያው ደርሰው ተመለሱ። «ፈጠን አላልኩም?» አሉ፣ የምራቸውን ነው። እውነት ለመናገር ፈጠን ብለዋል።

ከዚያማ ሱቁ ሞላ። ለእኔም፣ ለእኔም! ሚስ አዮኒ ግን እጇን አነሳች። «ቆይ፣ ቆይ። ባለስሙን ሳልጠይቅ አንድ አልጨምርም። ይሄንንም የሰፋሁት ሳላስብ ነው።» ስልኳን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

«አክስቴ! እንዴት ነው ሠፈሩ? ማልያው እየተሸጠ ነው?» አላት ገና ሲያነሳ።

ነገረችው። ስለ ምርጫው ስትነግረው ከት ብሎ ሳቀ፤ የማስ ኩበርትን የመቶ ሜትር አስፋልት ስትነግረው መተንፈስ አቃተው። ወርቃማው ክር ላይ ስትደርስ ሳቁን አቆመ።



«አክስቴ፣ እባክሽ ያን ስም ተይው።»

«ለምን ልጄ?»

«የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ የሆንኩትን ረስተሻል? ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ሽጉጡ ሲተኮስ ቀረሁ። ከኛ ሠፈር አንዱ ‹መጣሁ!› ብሎ ጮኸ፣ ስታዲየሙ ሁሉ ተቀበለው። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲስቅብሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ያን ቀን መጨረሻ ነበር የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ የምሮጠው ከዚያ ስም ለማምለጥ ነው። ኩባንያው ስሜን ደረቴ ላይ ሲጽፈው እንዴት ደስ እንዳለኝ! አሁን አንቺ ከኋላ ልትለጥፊብኝ ነው?»

ሚስ አዮኒ ምላሷ ጫፍ ላይ መልስ ነበራት፤ ስለ ቀጮና ስላልገዛው ጫማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ዋጠችው። «ሰው ግን አይገዛም፣ ልጄ። ሚስተር ሊትልተን ስለ ውሉ የነገረኝን…»

«አውቃለሁ። ካልገዙ ይቅር።»

«እሺ። ከእንግዲህ በእጄ አልሰፋም። ቃሌ ነው።»

ስልኩን ዘግታ ትንሽ አለቀሰች። ስሙን መጥላቱ ብቻ አልነበረም ያሳዘናት። ስሙን ሲጠላ ማንጎውንም፣ ግቢውንም፣ ከበሩ ላይ ሆና የጠራችበትን ድምፅዋንም አብሮ የጠላ መሰላት። ዓይኗን ጠራርጋ ወጣች።

«ስሙ፣» አለች። «ዊትበርን ማለት እሱ ነው፤ የአባቱ ስም ነው። መጣሁ እንዳይባል ይፈልጋል። እኔም አልሰፋም ብዬዋለሁ። የሚገዛ እንዳለ ይግዛ፣ የማይገዛ ይሂድ። አለቀ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከሁሉ ቀድማ የተነፈሰችው ሚስ ፐርል ናት።

«አልሰፋም ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ።»

«እኔ ብያለሁ?»

«አንቺማ ምንም አላልሽም።»

«አንዱን ስጪኝ። ሰፊውን።» ከፍላ ታጠፈላት። «ይሄ አሁን የማነው?»

«የከፈልሽበት ያንቺ ነው።»

«የዚያን ወርቃማ ክር አንድ ጥቅል ጨምሪበት። መርፌ እኔ ጋ አለ።»

ሚስ አዮኒ ክሩን ሰጠቻት። ምን ልትሠራበት እንደሆነ ታውቃለች። ክር ሻጭ ክር አልሸጥም አይል። ከሚስ ፐርል ኋላ የቆመው ማልያና ክር አለ፣ ከሱ ኋላ ያለችውም ማልያና ክር አለች። ዓርብ ከሰዓት ሐምራዊ የሚባል ነገር መደርደሪያው ላይ አልቀረም፣ ጫማውም አልቋል። ወርቃማው ክርም በመጥፋቱ የዚያ ዓመት ተማሪዎች ግማሾቹ አርማቸው በቢጫ ክር ነው የተጠለፈው።

ሚስ አዮኒን ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ቃሏን እንደጠበቀች ለራሷ ደጋግማ ነገረች፤ ራሷም አላመነችም። ሰው ቢገዛም ልጁ ይቀየማት ይሆናል፣ ባይገዛ ደግሞ እንጀራው ይቀራል። በእነዚህ ሁለት መካከል ስትገላበጥ ነጋ።

ቅዳሜ መንገዱ ግራና ቀኝ ሐምራዊ ሆነ። ከፊት ሲያዩት የኩባንያው ሥራ ነው፤ ዊትበርን፣ ዊትበርን፣ ዊትበርን ይላል። ከኋላ ግን ማሆ ጋሊ ነው። አንዱ ፊደሉን ከትከሻ እስከ ትከሻ ዘርግቶታል፣ አንዱ ቦታ ሲያልቅበት «ሁ»ን እጅጌው ላይ አድርጓታል። «መጣሁኝ» ያለ አለ። ሚስ ፐርል «መጣው» ብላ ነው የሰፋችው፣ የሠፈሩ አስተማሪ በአጠገቧ ባለፈች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች።

ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ረፋዱ አለፈ። ሚስ አዮኒ ደወለች።

«የት ደረስክ?»

«መጣሁ አክስቴ! መጣሁ!» አለና በራሱ አፍ ደንግጦ ስልኩን ዘጋው። ገና ከኪንግስተን መውጣቱ ነበር።

ቀድሞ የደረሰው ሚስተር ሊትልተን ነው። ሐምራዊውን ሰልፍ ሲያይ ክራቫቱን አላልቶ ሳቀ፤ ሰልፉን አልፎ ከኋላ ሲያየው ሳቁ ቆመ።

«ይሄ… ምንድን ነው የጻፋችሁበት?»

«ስሙን ነዋ፣» አለች ሚስ ፐርል።

«ስሙማ ከፊት አለ።»

«የፊቱ የናንተ ነው፣ የኋላው የኛ ነው። አንተ ራስህ ቤትህ ማን ነው የሚሉህ?»

«ሊትልተን።»

«ዋሽ! እናትህ ወጥ ሲደርስ ‹ሚስተር ሊትልተን› ብላ ነው የምትጠራህ?»

ሰው ከበበው። ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ መውጫ የለም። «…ዱባ፣» አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ።

መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ጉንጮቹ ሞሉ፣ እውነትም ዱባ ነው። «እኔ እንዴት ይሄን ረሳሁት?» አለ ራሱን እየመታ። «አያቴ እንኳ ቢሮ ስትደውል ዱባን አገናኙኝ ነው የምትለው።» ፎቶ አንስቶ ለአለቆቹ ላከና በስልክ ሲያወራ ሰማነው። «አዎ፣ ሁሉም ተሸጧል… አዎ፣ ጫማውም… ጀርባው ላይ ያለው? እሱን በስልክ ማስረዳት ይከብደኛል። ግን ማልያውን እንዳለ አሳትሙት ነው የምላችሁ።»

ከዚያ መኪናው መጣ። ራንስፎርድ ነጭ ጥርሱን እያሳየ ወረደ፣ በአዲስ ሐምራዊ ማልያ፣ ረጅም፣ ያማረ። ሰው «መጣሁ!» ብሎ ሲጮህ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ደረቀ። በሰልፉ መሃል እየሄደ ግራና ቀኙን አየ። ሚስ አዮኒ ሱቋ በር ላይ መቃኑን ይዛ ቆማለች። ልጁ ፊቷ መጥቶ ቆመ።

«አክስቴ፣ ቃልሽስ?»

«በእጄ የሰፋሁት አንድ ነው፣ ሳልጠይቅህ በፊት። ማስ ኩበርት ለብሰውታል። ሌላውን እያንዳንዱ በገዛ እጁ ነው የሰፋው። ክሩን ግን እኔ ነኝ የሸጥኩት። መቀየም ካለብህ እኔን ተቀየም።»

ልጁ ዞር አለ። ሚስ ፐርል ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች፣ ሆን ብላ። አነበበው። «ሚስ ፐርል፣ ‹መጣው› ነው እንዴ የሚባለው?»

«ጣቴን ስንቴ ወግቼበታለሁ!» ብላ በፕላስተር የተጠቀለለ አውራ ጣቷን አፍንጫው ሥር ደቀነችው። «በዓሣ ቢላ የማይደማ እጅ ባንተ ስም ደማ። አሁን ደግሞ ፊደል ልትቆጥርብኝ ነው?»

ልጁ ሳያስበው ሳቀ። ማስ ኩበርት በአዲሱ ጫማቸው ቀረብ አሉ።

«ስታዲየም ውስጥ የጮህኩት እኔ ነኝ፣» አሉት። «አዮኒ የነገርካትን ነግራኛለች። አዎ፣ መጀመሪያ ሰው ስቋል፤ እኔም ስቄያለሁ። መጨረሻ ላይ ግን የሚስቅ አልነበረም። ያን ሁሉ ርቀት ቀርተህ፣ መጨረሻ ብትወጣም አንገት ለአንገት ስትደርስባቸው ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ነበር። ‹መጣሁ› ሲሉህ መጣ፣ መጣላቸው ማለታቸው ነው። አንተ ወደፊት እያየህ ትሮጣለህ፣ የሕዝቡን ፊት በምን ታያለህ? ያን ቀን እንባዬ ወርዷል፣ እናቴን!»

ልጁ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ማልያውን በራሱ ላይ አወለቀና ደረቱ ባዶ ሆኖ ለአክስቱ ዘረጋላት።

«ክር ተርፎሻል?»

«ለአንድ የሚሆን አለኝ፣» አለች። አልተረፋትም ነበር፤ ከተማሪ ኪስ ላይ ተርትራ አመጣችው።

ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። እሱ አጠገቧ ቆሟል። ሴቶቹ «ኧረ ሆዱን እዩት፣ ጠፍጣፋ!» እያሉ ይሳለቁበታል።

«ከኋላ ላድርገው?» አለችው።

«ከፊት አድርጊው። ከዊትበርን በላይ።»

ሚስ አዮኒ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። በሕይወቷ እንደዚያ ቀጥ ያለ ስፌት ሰፍታ አታውቅም፤ አስተማሪዋ ተጠግታ ፊደሉን አየችና ትክክል ነው ብላ አረጋገጠች። ለበሰው፣ መንገዱ መሃል ቆመ። ካሜራው ተስተካከለ። እንዲል የተሰጠውን ያውቀዋል፤ በቃሉ ይዞታል።

«እኔ ራንስፎርድ ዊትበርን ነኝ…»

«ማነው እሱ?» አለ ሰልፉ በአንድ ድምፅ።

ካሜራ ያዡ አቆመ። ዱባ ዝም በሉ እያለ በእጁ ለመነ። ልጁ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና «ማነው እሱ?» ተባለ፣ ራሱም ሳቅ አሸነፈው። ሳቁ ሲያልፍለት ወደ ሱቁ በር ዞረ። ካሜራውን ትቶ እሷን እያየ ነው የተናገረው።

«እኔ የሚስ አዮኒ መጣሁ ነኝ፣» አለ። «የምለብሰውም ይሄን ነው።»

ሚስ አዮኒ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነች። ካሜራ ያዡ «ወረቀቱ ላይ ያለው እንዲህ አይደለም፣ ይደገም?» ሲል ጠየቀ።

«አይደገምም፣» አለ ዱባ።